ያልታዩት የሰው ፕሮቲኖች፦ የፕሮቲዮሚክስ ምርምር አንዳንዶቹን ስለምን አያገኛቸውም?

አኅጽሮተ ጥናት

የሰው ዘረ መል ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ፕሮቲኖችን ለመሥራት የሚያስችል መመሪያ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከእነዚህ ውስጥ ከ1,300 በላይ የሚሆኑት በፕሮቲን ደረጃ መኖራቸው በአጥጋቢ ማስረጃ አልተረጋገጠም ነበር። ይህ ጽሑፍ «ያልታየ ፕሮቲን» የሚለው ስያሜ በአንድ ጥላ ሥር የሚያስቀምጣቸውን አራት የተለያዩ ምክንያቶች ማለትም በናሙናው ውስጥ አለመኖርን፣ የመጠን ማነስን፣ ለመለኪያ ዘዴው የማይመች ኬሚስትሪንና ከዘመድ ፕሮቲኖች አለመለየትን ለያይቶ ይመረምራል። የሰው ሮዶፕሲን በትሪፕሲን ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን በስሌት ይታያል፤ የማስረጃ መስፈርቱ ለምን ጥብቅ እንደሆነም በቀላል የስታቲስቲክስ ምሳሌ ይብራራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ እያንዳንዱ ምክንያት የራሱ መፍትሔ ስላለው ምክንያቱ ሳይለይ የሚጀመር ፍለጋ ናሙናንም ጊዜንም ያባክናል የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ፕሮቲዮሚክስ፣ ያልታዩ ፕሮቲኖች፣ ማስ ስፔክትሮሜትሪ፣ ትሪፕሲን፣ የሐሰት ግኝት ምጣኔ

1. መግቢያ

የሰው ልጅ የዘረ መል ቅደም ተከተል ተነቦ ከተጠናቀቀ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ መመሪያው የሚናገርላቸው ፕሮቲኖች በእርግጥ በሰውነት ውስጥ ይሠራሉ ወይ የሚል ነበር። ይህን ለመመለስ ዓለም አቀፉ የሰው ፕሮቲዮም ድርጅት (ሂዩፖ) እ.ኤ.አ. በ2010 የሰው ፕሮቲዮም ፕሮጀክትን ይፋ አደረገ። ፕሮጀክቱ ውጤቱን ለመመዝገብ በዋናነት የተጠቀመው በስዊዘርላንድ የባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም የተዘጋጀውን ኔክስትፕሮት የተባለ የመረጃ ቋት ነው።

የሥራው ሂደት በቁጥር ሲታይ እጅግ ፈጣን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በኔክስትፕሮት ውስጥ ያልታዩት ፕሮቲኖች 5,511 ነበሩ። በ2020 መጀመሪያ ከ19,773 ፕሮቲኖች መካከል 17,874ቱ ተረጋግጠው ያልታዩት ወደ 1,899 ወረዱ፤ ፕሮጀክቱም ከሰው ፕሮቲዮም 90 በመቶ በላይ መሸፈኑን በዚያው ዓመት አሳወቀ። በ2022 የተረጋገጡት 18,407 ሲደርሱ ያልታዩት 1,343 ሆኑ። በ2023 ግን የተረጋገጡት ቁጥር ወደ 18,397 ዝቅ ሲል ያልታዩት ወደ 1,381 ከፍ አሉ።

ይህ የመጨረሻ ለውጥ ልብ ሊባል ይገባዋል። አንድ ፕሮቲን «ተገኘ» ከተባለ በኋላ ማስረጃው እንደገና ሲመረመር ወደ ያልታዩት ጎራ ሊመለስ ይችላል፤ የዘረ መሎች ዝርዝርም ራሱ ይሻሻላል። ስለዚህ የቀሩት ፕሮቲኖች መሣሪያ በተሻሻለ ቁጥር በራሳቸው ጊዜ የሚገለጡ ተራ ቅሪቶች አይደሉም። ቀላሎቹ ተለቅመው አልቀዋል፤ የቀሩት ለመቅረታቸው እያንዳንዳቸው ምክንያት ያላቸው ናቸው።

2. «ያልታየ» ሲባል

ኔክስትፕሮት ፕሮቲኖችን እንደ ማስረጃቸው ጥንካሬ በአምስት ደረጃ ይመድብ ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ የሚገኙት በፕሮቲንነታቸው በቀጥታ የተረጋገጡ ናቸው። በሁለተኛው ደረጃ የሚገኙት መልእክተኛ አር ኤን ኤያቸው ብቻ የታየ፣ በሦስተኛው በሌሎች ዝርያዎች ውስጥ ካሉ ዘመዶቻቸው በመነሳት ይኖራሉ የተባሉ፣ በአራተኛው በኮምፒውተር ትንበያ ብቻ የታወቁ ናቸው። አምስተኛው ደረጃ መኖራቸው ራሱ ለሚያጠራጥር ግቤቶች የተተወ ነው። በዘርፉ ልማድ «ያልታዩ ፕሮቲኖች» የሚባሉት ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ደረጃ ያሉት ናቸው።

ምደባው የሚነግረን ምን ዓይነት ማስረጃ እንዳለን ነው፤ ማስረጃው ለምን እንደጎደለ ግን አይነግረንም። በአንድ ደረጃ የተመደቡ ሁለት ፕሮቲኖች ያልታዩበት ምክንያት ፍጹም ሊለያይ ይችላል። አንዱ በብዛት እየተሠራ ለመሣሪያው የማይመች ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ለመሣሪያው እጅግ የሚመች ሆኖ በተመረመሩት ናሙናዎች ውስጥ ጭራሽ ያልተሠራ ሊሆን ይችላል።

የተለመደውን የመለኪያ ሂደት በአጭሩ ማስታወስ ተገቢ ነው። ከናሙና የወጡ ፕሮቲኖች ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ይቆረጣሉ። የተገኙት ቁርጥራጮች ማለትም ፔፕታይዶች በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ተለያይተው ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር ይገባሉ። መሣሪያው የእያንዳንዱን ፔፕታይድ መጠነ ቁስ ከለካ በኋላ ይሰብረዋል፤ የስባሪዎቹንም መጠነ ቁስ በስፔክትረም መልክ ይመዘግባል። ከዚያም ሶፍትዌር ስፔክትረሙን በመረጃ ቋት ካሉ ቅደም ተከተሎች ጋር ያመሳስላል። በዚህ መንገድ ፕሮቲኑ ራሱ በቀጥታ አይታይም፤ ከቁርጥራጮቹ ተነስተን ስለ እርሱ እንደመድማለን። አራቱ ምክንያቶች ከዚህ ሰንሰለት በተለያየ ቦታ ላይ የሚፈጠሩ ብጥስጥሶች ናቸው።

3. አራቱ ምክንያቶች

3.1 በናሙናው ውስጥ አለመኖር

ሁሉም ሕዋስ ሁሉንም ፕሮቲን አይሠራም። አብዛኛው የፕሮቲዮሚክስ መረጃ የተሰበሰበው ከደም፣ ከጉበት፣ ከዕጢ ናሙናዎችና በቤተ ሙከራ ከሚራቡ የታወቁ የሕዋስ መስመሮች ነው። በሌላ ቦታ ብቻ የሚሠራ ፕሮቲን በእነዚህ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። የወንድ የዘር ፍሬ በዚህ ረገድ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ለራሱ ብቻ የተለዩ ዘረ መሎች በብዛት የሚሠሩበት ሕብረ ሕዋስ እርሱ ነው። ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ዘር ፍሬና ወደ ወንዴ ዘር ሕዋሳት ባዞሩ ጊዜ ለዓመታት ያልታዩ በርካታ ፕሮቲኖች ተረጋግጠዋል። የተለወጠው ናሙናው ነበር።

ከቦታ በተጨማሪ ጊዜም ወሳኝ ነው። አንዳንድ ፕሮቲኖች በፅንስ ዕድገት አጭር ወቅት ብቻ ይሠራሉ። ሌሎች ደግሞ ቀስቃሽ ይፈልጋሉ፤ ለምሳሌ የኢንተርፌሮን አልፋ ቤተሰብ አባላት በብዛት የሚመረቱት ሕዋስ በቫይረስ ሲጠቃ ነው። ጤናማና ያልተቀሰቀሰ ሕዋስ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረመር እነርሱን አያሳይም።

3.2 የመጠን ማነስ

ዲ ኤን ኤን የሚያጠና ተመራማሪ ናሙናው ጥቂት ቢሆን በፒ ሲ አር አባዝቶ ማንበብ ይችላል። ለፕሮቲን እንዲህ ያለ የማባዣ ዘዴ የለም። በናሙናው ውስጥ ያለው ያው ነው፤ ያውም በዝግጅት ወቅት በየዕቃው ግድግዳ ላይ እየተጣበቀ ይቀንሳል።

በሰው ፕላዝማ ውስጥ አልቡሚን በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም ገደማ ይገኛል። ኢንተርሉኪን 6 ግን በጤናማ ሰው ፕላዝማ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ጥቂት ፒኮ ግራም ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሥር ቢሊዮን እጥፍ ገደማ ይሆናል። ማስ ስፔክትሮሜትር በአንድ ጊዜ ሊሸፍን የሚችለው የመጠን ስፋት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ በተለመደው አሠራር መሣሪያው በየቅጽበቱ ለስበራ የሚመርጠው ጎልተው የሚታዩትን አዮኖች ስለሆነ የብዙኃኑ ፕሮቲኖች ፔፕታይዶች ተራውን ሁሉ ይወስዱታል። ጥቂቱ ፕሮቲን በናሙናው ውስጥ እያለ፣ ፔፕታይዱም ወደ መሣሪያው ገብቶ ሳለ፣ ሳይነበብ ሊያልፍ ይችላል።

3.3 ለመለኪያው የማይመች ኬሚስትሪ

ትሪፕሲን የሚቆርጠው ከላይሲንና ከአርጂኒን ቀጥሎ ነው፤ ቀጣዩ አሚኖ አሲድ ፕሮሊን ከሆነ ግን በአብዛኛው አይቆርጥም። ለመሣሪያው የሚመቹት ፔፕታይዶች ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 30 አሚኖ አሲድ ርዝመት ያላቸው ናቸው። ከዚህ ያጠረው ለአንድ ፕሮቲን ብቻ የተለየ አይሆንም፤ ከዚህ የረዘመው ደግሞ ለመለየትም ለመስበርም ያስቸግራል። እንግዲህ አንድ ፕሮቲን መታየት አለመታየቱ በከፊል የሚወሰነው ላይሲንና አርጂኒን በቅደም ተከተሉ ላይ በምን ርቀት እንደተሰራጩ ነው።

ለዚህ ማሳያ በደንብ የሚታወቀውን የሰው ሮዶፕሲንን እንውሰድ። ሮዶፕሲን በዓይን ሬቲና ውስጥ ብርሃን የሚቀበል፣ 348 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ የሕዋስን ሽፋን ሰባት ጊዜ የሚያቋርጥ ፕሮቲን ነው። በቅደም ተከተሉ ውስጥ 18 ላይሲኖችና አርጂኒኖች አሉ፤ ሁለቱ በፕሮሊን ስለሚከተሉ 16 የመቁረጫ ቦታዎች ይቀራሉ። ስለዚህ የተሟላ ቆረጣ 17 ቁርጥራጮች ይሰጣል። በርዝመታቸው ሲመደቡ እንዲህ ይሆናሉ፦

ሀ) እጅግ የረዘሙ፦ አራት ቁርጥራጮች፤ ከ22 እስከ 66 (45 አሚኖ አሲድ)፣ ከ70 እስከ 135 (66)፣ ከ178 እስከ 231 (54) እና ከ253 እስከ 296 (44)። በድምሩ 209 አሚኖ አሲድ ወይም የፕሮቲኑ 60 በመቶ።

ለ) እጅግ ያጠሩ፦ ከ1 እስከ 4 አሚኖ አሲድ ያላቸው አምስት ቁርጥራጮች፤ በድምሩ 13 አሚኖ አሲድ ወይም 4 በመቶ።

ሐ) በርዝመት የሚመቹ፦ ከ9 እስከ 30 አሚኖ አሲድ ያላቸው ስምንት ቁርጥራጮች፤ በድምሩ 126 አሚኖ አሲድ ወይም 36 በመቶ።

የፕሮቲኑ 60 በመቶ ገና ከመነሻው ከተለመደው ዘዴ ውጭ ሆነ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሽፋኑን የሚያቋርጠው ክፍል በስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ውሃ-ጠል በሆኑ አሚኖ አሲዶች የተሞላ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ላይሲንና አርጂኒን እዚያ እምብዛም አይገኙም።

በርዝመት የሚመቹት ስምንቱም ቢሆኑ ሁሉም ለመለየት አይመቹም። የመጀመሪያው ቁርጥራጭ (ከ1 እስከ 21) በ2ኛውና በ15ኛው አስፓራጂን ላይ የስኳር ሰንሰለት ይሸከማል። ከ148 እስከ 177 ያለው በአብዛኛው ውሃ-ጠል ነው። ከ297 እስከ 311 ያለውም ከሽፋኑ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን በነፃነት መውጣቱ በ296ኛው ላይሲን ላይ በሚደረገው ቆረጣ ይወሰናል፤ ይህ ላይሲን ደግሞ ሬቲናል የሚጣበቅበት ቦታ ነው። ከ315 እስከ 325 ያለው በሁለት ሲስቲኖች ላይ ፓልሚቴት የተባለ የስብ አሲድ ይይዛል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁርጥራጮች (ከ326 እስከ 339 እና ከ340 እስከ 348) ፎስፌት የሚጨመርባቸው ቦታዎች አሏቸው። እያንዳንዱ ጭማሪ የፔፕታይዱን መጠነ ቁስ ስለሚለውጥ ሶፍትዌሩ ለውጡን እንዲጠብቅ ካልተነገረው ስፔክትረሙ ከምንም ጋር አይመሳሰልም። ከሁሉ ንጹሕ የሚባሉት ሁለት ብቻ ይቀራሉ፤ ከ136 እስከ 147 እና ከ232 እስከ 245።

ሆኖም ሮዶፕሲን ያልታየ ፕሮቲን አይደለም። በሬቲና ውስጥ እጅግ በብዛት ስለሚገኝ ኬሚስትሪው የነፈገውን መጠኑ ይክሰዋል። አሁን ይህንኑ ቅርጽ ይዘን ብዛቱን እንቀንስ። የሰው ልጅ ወደ 400 የሚጠጉ ሥራ ላይ ያሉ የማሽተት ተቀባይ ዘረ መሎች አሉት። ተቀባዮቹ እንደ ሮዶፕሲን ሽፋን ሰባት ጊዜ ያቋርጣሉ፤ ከሽፋኑ ውጭ የሚቀሩት ጫፎቻቸው አጫጭር ናቸው። በተጨማሪም እያንዳንዱ የማሽተት ነርቭ ሕዋስ በአብዛኛው ከእነዚህ መካከል አንዱን ብቻ ይሠራል፤ ሕዋሳቱም በአፍንጫ የላይኛው ክፍል ባለች ትንሽ ቦታ የተወሰኑ ናቸው። በዚህ ቤተሰብ ላይ የናሙና፣ የመጠንና የኬሚስትሪ ችግሮች በአንድነት ተደራርበዋል። የማሽተት ተቀባዮች ከያልታዩት መካከል ትልቁ ቤተሰብ መሆናቸው ስለዚህ አያስገርምም።

ተቃራኒውም ችግር አለ። ቤታ ዲፌንሲን የተባሉት ጀርም ተከላካይ ፕሮቲኖች እጅግ ትንንሾች ናቸው፤ ላይሲንና አርጂኒን ስለሚበዛባቸው ትሪፕሲን ከሚገባው በላይ ያደቃቸዋል። ስድስት ሲስቲኖቻቸውም ሦስት የዳይሰልፋይድ ድልድዮች ይሠራሉ፤ ድልድዮቹ ካልተፈቱ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ እንደተያያዙ ይቀራሉ።

3.4 ከዘመድ አለመለየት

አንድ ፔፕታይድ በግልጽ ተነቦ እንኳ የማን እንደሆነ ላይታወቅ ይችላል። ጫፍ ላይ ያለው ምሳሌ ካልሞዱሊን ነው። በሰው ውስጥ በክሮሞሶም 2፣ 14 እና 19 ላይ የሚገኙ ሦስት የተለያዩ ዘረ መሎች 149 አሚኖ አሲድ ያለውን አንድ ዓይነት ፕሮቲን ያመርታሉ። በፕሮቲን ደረጃ የትኛው ዘረ መል እንደሠራው የሚለይ ፔፕታይድ ሊኖር አይችልም። በፀጉር ውስጥ የሚገኙት ከኬራቲን ጋር የተያያዙ ፕሮቲኖችም ወደዚህ ይጠጋሉ፤ ተደጋጋሚና ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ያላቸው በመሆናቸው አንዱን አባል ከሌላው የሚለይ ቁርጥራጭ ማግኘት ያስቸግራል።

ሌላው የመምታታት ምንጭ በመጠነ ቁስ ውስጥ ነው። ሉሲንና አይሶሉሲን ቅርጻቸው ቢለያይም መጠነ ቁሳቸው አንድ ነው፤ 113.084 ዳልተን። የተለመደው መሣሪያ አይለያቸውም። አስፓራጂን በተፈጥሮም ሆነ በናሙና ዝግጅት ወቅት አሚድ ቡድኑን ሲያጣ ወደ አስፓርቲክ አሲድ ይለወጣል፤ መጠነ ቁሱም በ0.984 ዳልተን ይጨምራል። አንድ ሰው ከማጣቀሻው የተለየ አንድ አሚኖ አሲድ ቢኖረውም እንዲሁ ነው። በእነዚህ መንገዶች በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን የተለወጠ ፔፕታይድ የአንድ ያልታየ ፕሮቲን ፔፕታይድ መስሎ ሊቀርብ ይችላል።

4. መስፈርቱ ስለምን ጠበቀ?

የሰው ፕሮቲዮም ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ሦስተኛ የማስረጃ መመሪያ መሠረት አንድ ፕሮቲን በማስ ስፔክትሮሜትሪ ተረጋገጠ ለማለት ቢያንስ ሁለት ፔፕታይዶች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዳቸው 9 ወይም ከዚያ በላይ አሚኖ አሲድ ሊኖራቸው፣ የዚያ ፕሮቲን ብቻ ሊሆኑና አንዱ በሌላው ውስጥ የተካተተ ሊሆን አይገባም። አንዳንድ ፕሮቲኖች በትሪፕሲን ሲቆረጡ ይህን የሚያሟሉ ሁለት ፔፕታይዶች ጭራሽ አይሰጡም። መስፈርቱ ራሱ አምስተኛ ምክንያት ነው ሊባል ይችላል። ታዲያ ለምን አይላላም?

መልሱ እ.ኤ.አ. በ2014 በተፈጠረው ክርክር ውስጥ ይገኛል። በዚያ ዓመት ኔቸር መጽሔት ላይ ሁለት የሰው ፕሮቲዮም ረቂቆች በአንድነት ታተሙ። አንደኛው ለ17,294፣ ሁለተኛው ለ18,097 ዘረ መሎች የፕሮቲን ማስረጃ ማግኘቱን ገለጸ። ብዙም ሳይቆይ በስፔን የሚገኙ ተመራማሪዎች መረጃውን መልሰው ሲመረምሩ በሁለቱም ጥናቶች ውስጥ በርካታ የማሽተት ተቀባዮች ተገኙ መባሉን አስተዋሉ። ከተመረመሩት ሕብረ ሕዋሳት መካከል ግን የአፍንጫ የማሽተት ሕብረ ሕዋስ አልነበረም። ከላይ እንዳየነው እነዚህ ፕሮቲኖች በትክክለኛው ቦታ እንኳ ለማግኘት ከሚያዳግቱት ናቸው፤ በማይጠበቁበት ቦታ በዚያ ብዛት መገኘታቸው የስሕተት ምልክት ነበር።

ስሕተቱ እንዴት እንደሚከማች በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በአንድ ትልቅ ጥናት አንድ ሚሊዮን ስፔክትረሞች በ1 በመቶ የሐሰት ግኝት ምጣኔ ተቀባይነት አገኙ እንበል። 10,000 ያህሉ የተሳሳቱ ናቸው። ትክክለኞቹ 990,000 በብዛት በሚገኙ ፕሮቲኖች ላይ ደጋግመው ያርፋሉ። የተሳሳቱት ግን ዕጣ እንደመጣል በመላው የመረጃ ቋት ላይ ይበተናሉ፤ ቋቱ 20 ሺህ ፕሮቲኖች ካሉት ለእያንዳንዱ በአማካይ ግማሽ ስሕተት ይደርሰዋል። ፕሮቲኖቹ ሁሉ እኩል ዕድል አላቸው ብለን በፖይሰን ሥርጭት ብናሰላ ከ1,400 ያልታዩ ፕሮቲኖች ውስጥ 39 በመቶ ማለትም 550 ያህሉ ቢያንስ አንድ የሐሰት ፔፕታይድ ያገኛሉ። 9 በመቶ ማለትም 126 ያህሉ ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ያገኛሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ በስፔክትረም ደረጃ ትንሽ የመሰለ ምጣኔ ባልታዩት ፕሮቲኖች ላይ ሲደርስ ግዙፍ ይሆናል፤ እውነተኛ ማስረጃ በሌለበት ቦታ ላይ የሚቀመጠው ስሕተት ብቻ ስለሆነ። ሁለተኛ፣ የሁለት ፔፕታይድ መስፈርት ብቻውን በቂ አይደለም። ለዚህ ነው መመሪያው ምጣኔው በፕሮቲን ደረጃም ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ስፔክትረሞቹ በዓይን እንዲታዩና ያልተለመደ ግኝት በቤተ ሙከራ ከተሠራ ፔፕታይድ ስፔክትረም ጋር እንዲነጻጸር የሚጠይቀው።

5. ከምክንያት ወደ መፍትሔ

ምክንያቶቹ ከተለዩ መፍትሔዎቹም ይለያያሉ። ችግሩ የናሙና ከሆነ መሣሪያ ማሻሻል አይረዳም፤ የመልእክተኛ አር ኤን ኤ መረጃን መሪ አድርጎ ትክክለኛውን ሕብረ ሕዋስ፣ የዕድገት ወቅት ወይም ቀስቃሽ መምረጥ ያስፈልጋል።

ችግሩ የመጠን ከሆነ ብዙኃኑን ፕሮቲኖች ማስወገድ፣ ናሙናውን ወደ ብዙ ክፍልፋዮች መለየትና በዒላማ ላይ ያነጣጠረ ልኬት መጠቀም ይቻላል። በመጨረሻው ዘዴ ተመራማሪው በከባድ አይሶቶፕ የተሠራ አምሳያ ፔፕታይድ ይጨምራል፤ መሣሪያው ጎልቶ የታየውን ከመከተል ይልቅ የታዘዘውን ብቻ ይጠብቃል።

ችግሩ የኬሚስትሪ ከሆነ ቆራጩን መለወጥ ይገባል። ካይሞትሪፕሲን ከፌኒልአላኒን፣ ከታይሮሲን፣ ከትሪፕቶፋንና ከሉሲን ቀጥሎ ስለሚቆርጥ ትሪፕሲን የተዋቸውን የሽፋን ክፍሎች መድረስ ይችላል። ዋጋው ግን የቁርጥራጮቹ ዓይነት መብዛትና የፍለጋው መወሳሰብ ነው። ሳያኖጅን ብሮማይድ ከሜቲዮኒን ቀጥሎ በኬሚካል ይቆርጣል። የስኳር ሰንሰለትን በኢንዛይም ማንሳት፣ የዳይሰልፋይድ ድልድይን መፍታትና የሽፋን ፕሮቲኖችን በዲተርጀንት ማውጣትም በዚሁ ረድፍ ይመደባሉ። እንደ ቤታ ዲፌንሲን ላሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች አለመቁረጥና ሙሉውን ፕሮቲን መለካት የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ያለመለየት ከሆነ ምንም ዓይነት ጥራት ያለው መሣሪያ ላይፈታው ይችላል። ተመራማሪው ሊል የሚችለው «ከዚህ ቤተሰብ ቢያንስ አንዱ አለ» ብቻ ከሆነ ያንኑ ብሎ ማቆም ሳይንሳዊ ታማኝነት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ይጨመር። ዘረ መሉን በቤተ ሙከራ ሕዋስ ውስጥ አስገብቶ ፕሮቲኑን ማሠራት ጠቃሚ የማነጻጸሪያ ስፔክትረም ይሰጣል። ፕሮቲኑ በሰው ሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ መኖሩን ግን አያረጋግጥም። ከቀሩት ዘረ መሎች ጥቂቶቹ በዝግመተ ለውጥ ሂደት ሥራ ያቆሙና ፕሮቲን ጭራሽ የማይሠሩ ሊሆኑ እንደሚችሉም መዘንጋት የለበትም።

6. ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪ ያለው ፋይዳ

ከፍተኛ ጥራት ያለው ማስ ስፔክትሮሜትር በቀላሉ በማይገኝበት እንደ እኛ ባለ አካባቢ ርእሱ የሩቅ ሊመስል ይችላል። እንዲያውም የመሣሪያው ጊዜ ጥቂት በመሆኑ ምክንያትን አስቀድሞ መለየት ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል። ከታካሚ በፈቃድ የተወሰደ ትንሽ የሕብረ ሕዋስ ናሙና በተሳሳተ ኢንዛይም ከተቆረጠ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ታካሚውንም ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ አይገባም።

ስለዚህ ናሙና ከመነካቱ በፊት በኮምፒውተር ብቻ ሊመለሱ የሚችሉ አራት ጥያቄዎች አሉ። ዘረ መሉ በተመረጠው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ እንደሚሠራ የአር ኤን ኤ ማስረጃ አለ ወይ? ምን ያህል ይሠራል? በትሪፕሲን ሲቆረጥ መስፈርቱን የሚያሟሉ ሁለት ፔፕታይዶች ይሰጣል ወይ? ካልሰጠስ የትኛው ቆራጭ ይሰጣል? ፔፕታይዶቹስ ሉሲንና አይሶሉሲን እንደ አንድ ተቆጥረው፣ የታወቁ የአሚኖ አሲድ ልዩነቶችም ታስበው፣ አሁንም የዚያ ፕሮቲን ብቻ ናቸው ወይ? ለሮዶፕሲን ከላይ የቀረበው ስሌት ከወረቀትና ከእርሳስ በላይ አልጠየቀም።

ሌላም በር አለ። በፕሮቲዮምኤክስቼንጅ ትብብር ሥር ያሉት እንደ ፕራይድ ያሉ ክፍት ማኅደሮች በዓለም ዙሪያ የተመዘገቡ ስፔክትረሞችን በነፃ ያቀርባሉ። ፔፕታይድአትላስም ይህን መሰል መረጃ በአንድ ወጥ አሠራር እንደገና ይተነትናል። በእነዚህ ላይ አዲስ ጥያቄ ይዞ መሥራት የሚፈልገው ኮምፒውተርና ጥንቃቄን ነው።

የአፍሪካ ሕዝቦች ከሌላው ዓለም የላቀ የዘረ መል ልዩነት እንዳላቸው ይታወቃል። የፍለጋ ቋቱ አንድ ማጣቀሻ ቅደም ተከተል ብቻ የያዘ ከሆነ ከኢትዮጵያዊ ለጋሽ የተገኘ የተለወጠ ፔፕታይድ ወይ ሳይታወቅ ይቀራል ወይ ለሌላ ፕሮቲን ይሰጣል። የአካባቢያችንን የዘረ መል ልዩነት በቋቱ ውስጥ ማካተት የአገር ኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በክፍል 3.4 የተገለጸውን ስሕተት የሚቀንስ የአሠራር ግዴታ ነው።

7. መደምደሚያ

አንድ ፕሮቲን አልታየም ሲባል የተነገረው ስለ ፕሮቲኑ ብቻ አይደለም። ስለ ናሙናው፣ ስለ ቆራጩ ኢንዛይም፣ ስለ መሣሪያው፣ ስለ መረጃ ቋቱና ስለ መስፈርቱም ጭምር ነው። ሮዶፕሲንና የማሽተት ተቀባዮች አንድ ዓይነት ቅርጽ ይዘው አንዱ የታወቀ፣ ሌሎቹ የተሰወሩ መሆናቸው ይህን ያሳያል። የ2014ቱ ክርክርም የማይታየውን ለማየት መቸኮል የሌለውን ወደ ማየት እንደሚያመራ አስተምሯል።

የቀሩት ፕሮቲኖች ጥቂት ቢመስሉም ከእነርሱ መካከል የመድኃኒት ምርምር አብዝቶ ከሚፈልገው የሽፋን ተቀባዮች ቤተሰብ የሆኑ በርካቶች ይገኛሉ። ስለሆነም እያንዳንዱ ፍለጋ «ይህ ፕሮቲን እስካሁን ያልታየው ከአራቱ በየትኛው ምክንያት ነው?» በሚል ጥያቄ ቢጀመር ጸሐፊው ይመክራል። ጥያቄው መልስ ካገኘ ናሙናውን፣ ኢንዛይሙንና የልኬት ዘዴውን መምረጥ በግምት የሚሠራ ሥራ መሆኑ ይቀራል።